የሚዘምር አፍና የሚታገል ልብ

አንባቢ ሆይ፥ እሑድ ጧት ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በሶዶ ከተማ የሚያልፍ ሰው ከየጸሎት ቤቱ የዝማሬ ድምፅ ይሰማል። መዘምራኑ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ ቃል ሲዘምሩ ያየ ሁሉ፥ በልባቸውም አንድ ዓይነት ሰላም ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ልብሱ አንድ ስለ ሆነ ልቡ አንድ አይደለም። አንዱ ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ አጥቷል። አንዲቱ የታመመች እናቷን ስታስታምም አድራ መጥታለች። አንዱ በአጠገቡ በቆመው ወንድም ላይ ቂም ይዟል። ሌላው በስውር ከሚያሸንፈው ኃጢአት ጋር ይታገላል። ሌላውም ብዙ ጸልዮ መልስ ያጣ ስለ መሰለው እምነቱ ቀዝቅዞበታል። እንግዲህ፥ ልቡ የሚታገል ሰው ሊዘምር ይገባዋልን?

አንደኛ፤ የሚታገል ሁሉ ግብዝ አይደለም።

ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያመሰግኑ ዘንድ ካቆማቸው ሰዎች አለቃው አሳፍ ነበር (1ኛ ዜና መዋዕል 16፥4-5)። ይህ አሳፍ በመዝሙር 73 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 72) የልቡን ነገር ሳይሸሽግ ይናገራል። ክፉዎች ሲበለጽጉ አይቶ እንደ ቀና፥ እግሩም ሊሰናከል ጥቂት እንደ ቀረው፥ ልቡን ማንጻቱም ከንቱ ድካም እንደ መሰለው ይገልጣል። አስተውል፤ ይህን የተናገረ በውጭ የቆመ ሰው አይደለም፥ የመዘምራን አለቃ ነው እንጂ። ጥርጣሬውም ከመዝሙር መጽሐፍ አልተፋቀም፤ ሕዝቡ የሚዘምረው መዝሙር ሆነ። ስለዚህ ኀዘንና ጥያቄ ያለበት ዘማሪ ከእግዚአብሔር ቤት የተጣለ አይምሰለው። ግብዝ የሚባለው የሚታገል ሰው ሳይሆን፥ መታገልን ትቶ የሚታገል መስሎ የሚታይ ነው።

ሁለተኛ፤ የተወደደ ኃጢአት በዜማ አይሸፈንም።

በነቢዩ በአሞጽ ዘመን መዝሙር አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ፍርድና ጽድቅ ነበር። ስለዚህም እግዚአብሔር ዝማሬያቸውን ከፊቱ እንዲያርቁ አዘዘ (አሞጽ 5፥23-24)። ጌታችንም መባ ያመጣ ሰው ከወንድሙ ጋር ጠብ እንዳለው ቢያስብ፥ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አስተምሯል (ማቴዎስ 5፥23-24)። መዝሙርም መባ ነው። በመዘምራን መካከል ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው፤ ማን ይምራ፥ ድምፅ ማጉያውን ማን ይያዝ፥ መዝሙሩ ሲቀረጽ የማን ድምፅ ይውጣ በማለት ነው። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው። ሰው ሲያመሰግንህ ደስ ብሎህ፥ ባልንጀራህ ሲመሰገን ፊትህ ቢጠቁር፥ መዝሙሩ ለማን እንደ ሆነ ራስህን መርምር።

ሦስተኛ፤ የወላይታ አባቶች ለብቻቸው አልተሸከሙም።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ወላይታ የመጡት በ1920 ዓ.ም. ነው። በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አሥር ምእመናን ተጠመቁ። በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲወጡ፥ የተጠመቁት ቍጥር 48 ነበር። ከዚያ በኋላ ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች ታሰሩ፥ ተገረፉም። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ምእመናኑ ብዙ ሺህ ሆነው ቆዩአቸው።

ይህ እንዴት ሆነ? የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። ጸጋው ግን በሰው እጅም ሠርቷል። ምእመናን ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ስንቁም ለሌሎች እስረኞች እስኪተርፍ ድረስ ነበር። የተገረፈ ጀርባ በመዝሙር ብቻ አይድንም፤ ቍስሉን የሚያጥብ እጅ፥ እንጀራ የሚያመጣ ወንድም ያስፈልገዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ በደርግ ጊዜም ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሮ በወኅኒ ሳለ መዝሙር ደርሷል። አባቶችህ በመከራ ዘመሩ ሲባል ስትሰማ፥ አላመማቸውም ማለት አይደለም። አሟቸዋል፤ ነገር ግን የሚደግፋቸው ነበራቸው። ዛሬ ያለ እስራትና ያለ ግርፋት የሚወድቅ ዘማሪ ቢኖር፥ ከመውደቁ አስቀድሞ ስንቅ ያደረሰለት ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።

አራተኛ፤ ምን እናድርግ?

አሳፍ ያሰበውን ሁሉ በሕዝብ ፊት ከመናገር ታገሠ፤ ለትውልዱ ማሰናከያ እንዳይሆን አስቦ ነበር። ወደ እግዚአብሔር መቅደስ በገባ ጊዜ ግን አስተዋለ (ቍጥር 15-17)። አንተም ትግልህን ለተሰበሰበ ሰው ሁሉ አትዘርዝር፤ ለብቻህም አትያዘው። አስቀድመህ ለጌታ፥ ቀጥሎም ምስጢር ለሚጠብቅ ለአንድ የታመነ ሽማግሌ ንገር፤ እኅትም ለታመነች እኅት ትንገር። እንቅልፍ ያሳጣህ፥ ከምግብም የከለከለህ ኀዘን ቢሆን፥ ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም ሂድ፤ ይህ የእምነት ጕድለት አይደለም።

አንተም የመዘምራን አለቃ፥ ከልምምድ የቀረውን ሰው በመዝገብ ከመጻፍህ በፊት ቤቱ ሄደህ ጠይቀው። ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የሄደውን ስሙን አትሰርዝ፤ ደውልለት። በበደል የተያዘውንም በየዋህነት አቅና (ገላትያ 6፥1)። ለንስሓ ጥቂት ጊዜ ከመድረክ ማረፍ ቢያስፈልገው፥ ያ ዕረፍት እንደ መባረር እንዳይሆንበት በዕረፍቱ ወራት ከሁሉ አብልጠህ ጐብኘው። ድምፁን ብቻ የምንፈልግ ከሆነ፥ ድምፁ በዘጋ ቀን ሰውየውን እናጣዋለን።

ለምርመራ፤

1. በአጠገቤ ቆሞ የሚዘምረው ሰው በዚህ ሳምንት ምን እንደሚከብደው አውቃለሁን?

2. ከመዝሙር በፊት ልታረቀው የሚገባኝ ሰው አለን?

3. ሸክሜን የነገርሁት ሰው ማን ነው? ማንም ከሌለ፥ ለማን እነግራለሁ?

አንባቢ ሆይ፥ ከሚመጣው እሑድ በፊት ለሦስቱም መልስ ስጥ፤ ከዚያም ሂድና ዘምር።