ያላየውን ፊት የሣለ ሠዓሊ

ልጆች ሆይ፥ ሰው በዐይኑ ያላየውን ሰው መልክ ሊሥል ይችላልን? እነሆ፥ ይህን የሚያስረዳ እውነተኛ ታሪክ ስሙ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዐፄ ልብነ ድንግል ከ1508 እስከ 1540 በኢትዮጵያ ነገሡ። ዳዊትም ይባሉ ነበርና የአውሮፓ ሰዎች በዚህ ስም ያውቋቸው ነበር። በዚያ ዘመን ንጉሥ በመጋረጃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ፊቱን ለሁሉ አይገልጥም ነበር።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች መጡ። ከእነርሱም ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበረ። እርሱም ብዙ ቀን ደጅ ከጠና በኋላ ንጉሡን አየ። ንጉሡም የሃያ ሦስት ዓመት ያህል ወጣት፥ ቁመታቸው መካከለኛ፥ ዐይናቸው ትልቅ፥ ጢማቸውም ገና ብቅ ያለ እንደ ነበረ በመጽሐፉ ጻፈ።

በኢጣልያ አገር በኮሞ ከተማ ደግሞ ፓኦሎ ጆቭዮ የሚባል ሊቅ ነበረ። እርሱም የዝነኞችን ሰዎች ሥዕል በቤቱ ይሰበስብ ነበር። የፍሎሬንስ መስፍን ኮሲሞ በ1552 ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ እነዚያን ሥዕሎች እያየ እንዲገለብጥ ላከው። ሠዓሊውም የኢትዮጵያን ንጉሥ ሥዕል ገለበጠ። ቀለሙን በዘይት ለውሶ በሳንቃ ላይ ሣለው። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ከደረቀ በኋላ ግን ብዙ ዘመን ይኖራል። ስለዚህ ሥዕሉ እስከ ዛሬ በፍሎሬንስ በኡፊዚ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ንጉሡም መስቀል ይዘው ይታያሉ።

ነገር ግን ሠዓሊው ወደ ኮሞ ሲላክ ንጉሡ ከሞቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እርሱ ያየው ፊታቸውን ሳይሆን የሌላውን ሰው ሥራ ነው። የፊተኛው ሠዓሊ አፍንጫውን አሳስቶ ቢሆን ስሕተቱ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። እጁም ብልህ በሆነ መጠን ተመልካቹ ስሕተቱን አብዝቶ ያምናል።

እናንተ የደቻቱ ልጆች፥ ይህን በራሳችሁ አስተውሉ። የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ከሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ማዶ ከዚራ፥ በሌላው ማዶ መጋላ አለ። ከተማሪዎቼ አንዱ ከወዲያ ማዶ በመጣው ልጅ አጠገብ መቀመጥ እንቢ አለ። «ሌባ ነው» አለኝ። «ሲሰርቅ አይተሃልን?» ብዬ ብጠይቀው፥ «አላየሁም፤ ነገሩኝ» አለ። የነገረውን ጠራሁት፤ እርሱም ከሌላ ሰምቶ ነበር። ሌላውም ያየው ነገር አልነበረም። ያ ልጅ ግን ሦስት ቀን ብቻውን ተቀምጦ እንጀራውን ብቻውን በላ።

እነዚህ ልጆች ያለ ቀለምና ያለ ሳንቃ የወንድማቸውን መልክ ሣሉ፤ አንዱም ከሌላው ገለበጠ። ሠዓሊውስ ንጉሡ ስለ ሞቱ ሊያያቸው አልቻለም፤ አይፈረድበትም። የእናንተ ጎረቤት ግን በሕይወት አለ። በበጋ የደቻቱ አሸዋ ደረቅ ነው፤ ተሻግራችሁ ፊቱን እዩ፥ ስሙንም ጠይቁት። ከመስማት ማየት ይሻላልና።

ጥያቄ።
1. ንጉሡን በዐይኑ ያየ ማን ነው? ያላየስ?
2. የፊተኛው ሠዓሊ ቢሳሳት ሁለተኛው ምን ይሆናል?
3. ስለ ሰው ክፉ ወሬ ስትሰሙ አስቀድማችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?