ለአሮጌ ቮልስ የትኛው ማርሽ ይሻላል?

ሰው በቅሎ ሲገዛ መልኳን ብቻ አያይም። ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን ያነሳል፤ ዳገት ላይ ይሞክራታል። አሮጌ መኪና ለማደስ የሚነሳ ሰውም እንዲሁ ማድረግ አለበት። በቅድሚያ ሊያስብባቸው ከሚገቡ ነገሮች አንዱ ማርሹ ነው።

እኛ ይህን የተማርነው አጎታችን ብዙ ዓመት የቆመች ቮልሳቸውን ለማደስ በተነሱ ጊዜ ነው። ቮልስ የምንላት የጀርመኑ የቮልስዋገን ኩባንያ የሠራትን፣ እንደ ጥንዚዛ ጀርባዋ የጎበጠ ትንሽ መኪና ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ ወጣች። በአዲስ አበባ መንገድ ግን ዛሬም ትታያለች።

አጎታችን ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ «ይህን ማርሽ አውጥተን አውቶማቲክ እናስገባላት» አሉ። በእጃቸው ያለው ገንዘብ የዓመታት ቁጠባ ነው። ያለ ቦታው ቢወጣ ሌላ የላቸውም።

ታዲያ ማርሽ ምን ይሠራል? ጭነት የያዘች በቅሎ ዳገት ስትወጣ እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ ሜዳ ላይ ትዘረጋለች። መኪናም እንዲሁ ነው። አንደኛ ማርሽ ኃይል ይሰጣል፤ ፍጥነቱ ግን ትንሽ ነው። አራተኛ ማርሽ ፍጥነት ይሰጣል፤ ብርቱ ዳገት ግን አይችልም።

በእጅ በሚቀየረው ማርሽ ነጂው በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ያን ጊዜ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ማርሹን በእጁ ይቀይርና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል።

በአውቶማቲክ ግን ፍሪሲዮን መርገጥ የለም። የውሃ ወፍጮ እናውቃለን። ውሃው መዘውሩን ይገፋል፤ መዘውሩ ድንጋዩን ያዞራል። እዚህም ሞተሩ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ሌላ መዘውር ያዞራል። ማርሹም እንደ ፍጥነቱና እንደ ሸክሙ ራሱ ይቀየራል።

ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው። በእጅ የሚቀየረው አሠራሩ ቀላል ነው። ባትሪ ቢደክም መኪናዋን ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል። ጉዳቱ፣ መኪና በተጨናነቀበት መንገድ እግር ያደክማል። አውቶማቲክ እግር ያሳርፋል፤ ለጀማሪም ይቀላል። ነገር ግን የድሮው ዓይነት ቤንዚን ይበላል፤ ሲበላሽም ልዩ ሙያ ይጠይቃል።

ኩባንያው ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የፍሪሲዮን መርገጫ የሌላት ቮልስም ሠርቶ ነበር። ነጂው የማርሹን ዱላ ሲነካ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቃል። ማርሹን በእጅ መቀየር ግን አልቀረም። ያን ዕቃ ወደ ሌላ ቮልስ ለማዛወር ደግሞ ካምቢዮው ብቻ አይበቃም። የዘይት መያዣ ይጨመራል፤ በቀድሞዎቹ ቮልሶች ላይ የኋላ ጎማ መያዣውም ይለወጣል። ወጪው ብዙ ነው።

ይህን የነገረን መካኒክ አጎታችንን፣ «ጋሼ፣ እስቲ ሞተሩ ሳይነሳ ፍሪሲዮኑን ሃያ ጊዜ ይርገጡት» አላቸው። ሰባት ጊዜ ረግጠው ፊታቸው ተኮማተረ። መካኒኩ ወጣት ነው፤ እሱም ረገጠው። «ኧረ ይሄ ለእኔም ከብዷል!» አለ።

የቮልስ ፍሪሲዮን የሚሳበው ከወለሉ ሥር በሚያልፍ የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ተስቦ ሲታይ ዝጓል። አዲስ ገመድ ገባ፤ ግራሶም ተቀባ። አጎታችን እንደገና ሞከሩ። ሃያ ጊዜ ረገጡት። ጉልበታቸው ፈጽሞ አልዳነም፤ ሆኖም ግማሹ ችግር የገመዱ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። ማርሹ ባለበት ቀረ፤ ቁጠባቸው ለፍሬንና ለጎማ ዋለ። መንገድ በሚጨናነቅበት ሰዓት እኛ እንነዳላቸዋለን።

ጉልበታቸው ጨርሶ እምቢ ቢል ኖሮስ? ያን ጊዜ ቮልሷን ከመበለት ይልቅ ሸጦ ከፋብሪካው አውቶማቲክ ሆና የወጣች መኪና መግዛት ይሻል ነበር።

እንግዲህ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የሚነዳው ማን ነው? የሚሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ከሁሉ በፊት ግን የታመመው የትኛው እንደሆነ ለይተን እንወቅ።

ጥያቄ
1. አንደኛ ማርሽ ለምን ለዳገት ይሆናል?
2. መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ሃያ ጊዜ ያስረገጣቸው ለምንድን ነው?