ያዘመመው ግድግዳና የመዘዞ ደቦ

 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን የምትቀሩ ወንድሞችና እህቶች፣ 77ኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ እስቲ ትንሽ ቆም በሉ። ነቢዩ ሙሳና ኸድር (ዐለይሂመሰላም) አንዲት ከተማ ገብተው ምግብ ቢጠይቁ ሰዎቹ አናስተናግድም አሏቸው። እዚያው ከተማ ውስጥ ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ አገኙ። ኸድር አቃንተው አቆሙት። ሙሳ ገረማቸው፤ ለሥራው ክፍያ መጠየቅ ይቻል እንደነበር አነሡ። በእርግጥ ለተራበ ሰው የሚገባ ሐሳብ ነው። መልሱ የመጣው 82ኛው አንቀጽ ላይ ነው፦ ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበር፤ ከሥሩ ሀብታቸው ተቀብሯል፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር።

ይህን ስቀራ የሰሜን ሸዋ ደጋ ይታወሰኛል። በመዘዞና አካባቢው የገጠር ቤት በአንድ ሰው ጉልበት አይቆምም። ድንጋይ ተፈልጦ ይጓጓዛል፣ እንጨት ተቆርጦ ይላጣል፣ ማገር ይታሰራል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ በእግር ይረገጣል። (ጭቃ መርገጥ ቀላል የሚመስለው የከተማ ልጅ ካለ ግማሽ ሰዓት ይሞክረው!) ይህ ሁሉ አውድማ ከተነሣ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራል።

አጠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። ወንፈል የተቆጠረ ነው፤ አንድ ቀን ሠራህልኝ፣ አንድ ቀን እሠራልሃለሁ። ደቦ ሰፋ ይላል፤ ባለቤቱ ደግሶ ያበላል፣ ሰውም በብዛት ይመጣል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ግን ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ያልደረሱላት እናት ምን ታድርግ? ወንፈል እንዳትገባ የምትመልሰው ጉልበት የላትም። ደቦ እንዳትጠራ የምትደግሰው የላትም። የከህፉ ግድግዳ እዚህ ጋ ነው ያለው። ዶማውን ተሸክሞ፣ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ሳይጠራ የሚመጣው ጎረቤት ኸድር የሠሩትን ሥራ እየሠራ ነው።

ጉልበት የለኝም የምትሉም አላችሁ። ሱረቱል ማዑን 7 አንቀጽ ብቻ ናት፤ የቲምን የሚገፋውን ወቅሳ ትጀምርና ማዑንን የሚከለክሉትን ወቅሳ ትጨርሳለች። ማዑን ምንድን ነው? ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎች የሚዋዋሱት ዕቃ ነው ብለው መጥረቢያን፣ ድስትንና ባልዲን ጠቅሰዋል። የደቦ ዕቃ ማለት እኮ ይኸው ነው! ለሠላሳ ሰው ወጥ የሚበቃ ድስት ያላት እህት ድስቷን ስታውስ ግድግዳው ውስጥ ድርሻ አላት።

ከተማ ያላችሁ ወንድሞች ደግሞ ብር መላክ ይቀናችኋል። ላኩ፤ ቆርቆሮና ሚስማር በብር ነው የሚገዛው። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ መስጂዳቸው ሲሠራ ቆመው አላዘዙም፤ ከሶሓቦቻቸው ጋር ጡብ ተሸከሙ። ዐማር (ረ.ዐ) ሌላው አንድ አንድ ሲይዝ እሳቸው ሁለት ሁለት ይዘው ነበር። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ አንድ ቀን ጭቃ ርገጡ።

«ጎረቤቴ ክርስቲያን ነው፣ እሱንም ላግዝ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም፤ በዚያ ደጋ ላይ ብዙው ጎረቤት ክርስቲያን ነውና። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ ሲታረድ መጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ነው። ከዚያ በላይ ፈትዋ አትፈልጉ። የምግቡ ነገር አያስጨንቃችሁ። ሥጋው ቢለያይ ሽሮውና ምስር ወጡ ሁሉንም ያገናኛል፤ ጠላ ለማይጠጣው ብርዝ ወይም ቡና ይቀርባል። ዙህር ሲደርስ እግራችሁን ከጭቃው ታጥባችሁ ስገዱ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለሱ።