በቃል ጽሕፈት ከ10 ሁለት ያገኘው ልጅ ምን ተሳሳተ?

እንደሚታወቀው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ሰኞ ዕለት የሳምንቱን ቃላት በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆች ይገለብጣሉ፣ ዓርብ ቃል ጽሕፈት ይሆናል። እኛም ለማስተማር ልምምድ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ተመድበን ያደረግነው ይህንኑ ነው። የሠራነውን ስሕተት ሌሎች ዕጩ መምህራን እንዳይደግሙት ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የሳምንቱ ቃላት ሥራ፣ ዓመት፣ ፀሐይ፣ ንጉሥ፣ ኃይል፣ ሕግ፣ ቋንቋ፣ ትምህርት፣ ሸማኔና ገበያ ነበሩ። አንድ ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ ስራ፣ አመት፣ ጸሀይ፣ ንጉስ፣ ሀይል፣ ህግ፣ ቃንቃ፣ ትምርት፣ ሸማኔ፣ ገበያ። ስምንቱን በቀይ ሰረዝንና ከ10 ሁለት ሰጠነው። ልጁ ደብተሩን አየት አድርጎ አጠፈው። በሚቀጥለው ዓርብ ቃል ስንጠራ እስክሪብቶውን አላነሣም። «ለምን አትጽፍም?» ብንለው «ጆሮዬ አይሰማም መሰለኝ» አለን።

ያን ዕለት ማታ ደብተሩን እንደገና ይዘን ተቀመጥን። ለካስ ጆሮው ደኅና ነው፤ የታመመው የኛ እርማት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። በገበታው ላይ 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ሆነው ተደርድረዋል። ከነዚህ ውስጥ ሐ እና ኀ ከሀ ጋር፣ ሠ ከሰ ጋር፣ ዐ ከአ ጋር፣ ፀ ከጸ ጋር በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። በጥንቱ ግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ዛሬ በአፋችን የለም። እንግዲህ አምስቱ ፊደላት በሰባት ቤት 35 ናቸው፤ እነዚህን ማንም ልጅ በመስማት ብቻ ሊለያቸው አይችልም። ልጁ ከሳታቸው ስምንት ቃላት ስድስቱ የዚህ ዓይነት ናቸው። የዐይን ስሕተት እንበላቸው፤ ያላየውን በጆሮው እንዲያውቅ ነው የጠየቅነው።

ሰባተኛው «ቃንቃ» የጆሮ ስሕተት ነው። ይህን ማረም ቀላል ነው፤ ልጆች ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ቃ፣ ቋ፣ ቃ፣ ቋ እያሉ ይለማመዱ። ስምንተኛው «ትምርት» ደግሞ ሁላችንም ስንናገር የምንለው ነው፤ «ትምህርት» ብሎ ህን አጥርቶ የሚናገር ማን አለ? ይህ የአፍ ስሕተት ነው። ቃል ስንጠራ እንደ ንባብ ቀስ ብለን ብንጠራው ኖሮ ልጁ ይጽፈው ነበር።

በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ ስድስቱን ልክ ነው ልንለው ነው?» አለ። አይደለም። ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ነው፣ ሰአሊ የሚለምን ነው። ዓመት የ12 ወርና የጳጉሜን ድምር ነው፣ አመት በግእዝ ገረድ ማለት ነው፤ አመተ ማርያም የሚለው ስም ከዚያ መጣ። የትምህርት ህ ሃሌታው ነው፣ የምሕረት ሕ ሐመሩ ነው። (ይህንን የምንለው እኛ ባለፈው ዕትም በትልቁ «መምሕራን» ብለን ጽፈን አንድ አስተማሪያችን በእርሳስ ያረሙልን ነን።) በሌላ በኩል ሊቃውንትና ልማድ የማይስማሙበት አለ። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፋቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲሉት፣ የከተማችን ስም ግን በየሰሌዳው «አዲስ አበባ» ነው። በየጸጉር ቤቱ በር ላይም ጸጉር፣ ፀጉር፣ ጠጉር ተጽፎ ይታያል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ መለኪያው የተማሪው መጽሐፍ ይሁን፤ የዐይን ስሕተትም ከሥሩ ይሰመርበት እንጂ እንደ ጆሮው ስሕተት በቀይ አይሰረዝ፣ ግማሽ ነጥብም ይሰጠው። ይህ የኛ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ቢጽፍልን በዚሁ ግድግዳ እንለጥፋለን።

ቃላቱን ከ10 ወደ ስድስት ቀነስናቸው፤ በዘመድም ሰበሰብናቸው። ሥራ ብቻውን አይመጣም፤ ሠራ፣ ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤት ይከተሉታል። ንጉሥ ነገሥታትንና መንግሥትን ይዞ ይመጣል፤ ሕግ ሕጋዊን፣ ኃይል ኃይለኛን። አንዱን ያወቀ ልጅ ሦስቱን አወቀ ማለት ነው፤ ከሁሉም ሕጎች ይህችኛዋ ሠርታልናለች።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን አዲስ ነገር አይደለም፣ የኔታዎች ያቆዩልን የፊደል ስም ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሙ ራሱ አንድ ቃል በትክክል ያስጽፋል፤ ንጉሥ በንጉሡ ሠ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ። በጆሮ የማይለየውም በስም ሲጠራ በጆሮ ይለያል።

ያ ልጅ የሸማኔ ልጅ ነው። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ያስተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው እንዲህ ያለ ልጅ ማታ ክር ሲያጠነጥን እጁ አይፈታም፤ «አምስት አምስት ጊዜ ጽፈህ ና» ቢሉት ዋጋ የለውም። አፉ ግን ነፃ ነው። «ሥራ፣ በንጉሡ ሠ፤ ሕግ፣ በሐመሩ ሐ» እያለ እንዲያጠና ነገርነው። አባትየው ፊደል ባይቆጥሩም አብረው ይሉት ጀመር አሉ።

አንድ ነገር ሳንረሳ፦ ቃሉን ለብቻው አትጥሩት፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡት። ገና የተባለው በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ ሲጻፍ ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ሁለቱም አንድ ነው፤ ሲነበብ የቱ እንደሆነ የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ ነው።

በሦስተኛው ዓርብ ስድስት ቃላት ጠራን። ልጁ ስድስቱንም ጻፈ፤ አምስቱን አገኘ። ቋንቋ አሁንም ቃንቃ ነው፤ ሰኞ ከንፈር ማሞጥሞጡን እንቀጥላለን።