ከጉሮሮ ሕመም እስከ ወሊድ፦ የሴቶች የልብ ሕመም በእኛ አገር

ስለ ልብ ሕመም ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ሲጋራ የሚያጨስና ሰውነቱ የከበደ ወንድ ነው። ይህ ምስል በአብዛኛው ከበለጸጉት አገሮች የመማሪያ መጻሕፍት የተወረሰ ሲሆን ለእነዚያ አገሮችም ቢሆን የተሟላ አይደለም፤ በዓለም ላይ ሴቶችን በመግደል ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው የልብና የደም ሥር ሕመም ነውና። ወደ እኛ ስንመለስ ደግሞ ምስሉ ይበልጥ ይለወጣል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ወይም በለቡ አካባቢ፣ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ የምትመላለስ የ25 ዓመት ሴት ልቧ ቢታመም፣ ምክንያቱ በ10 ዓመቷ ያመማት ጉሮሮ ሊሆን ይችላል።

በተለምዶ «ቶንሲል» የምንለውን የጉሮሮ ሕመም ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። (አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ እያንዳንዱ ጉንፋን ሊያስደነግጠን አይገባም።) በባክቴሪያው ገጽ ላይ የሚገኘው ኤም ፕሮቲን አወቃቀሩ በልባችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። በመሆኑም ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያዘጋጃቸው ፀረ እንግዳ አካላትና ነጭ የደም ሕዋሳት በዚህ መመሳሰል ተታልለው የገዛ ልቡን ያጠቃሉ። ከጉሮሮው ሕመም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ቆይቶ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ይከተላል፤ ይህም የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። በይበልጥ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ የልብ ቫልቮች ግን፣ በተለይም በግራ በኩል ያለው ሚትራል ቫልቭ፣ ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳ እያበጁ ይጠብባሉ ወይም በሚገባ መግጠም ያቅታቸዋል።

ባክቴሪያው በትንፋሽና በቅርብ ንክኪ ስለሚተላለፍ የተጨናነቀ ቤትና የተጨናነቀ የመማሪያ ክፍል ይመቸዋል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው እንጥል የማስቆረጥ ልማድ ለዚህ አንዳች አይፈይድም። ባክቴሪያውን የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነው፤ ምላጩ የሚያተርፈው የደም መፍሰስንና ሌላ ቁስለትን ነው።

በተለያዩ የአገራችን ክፍሎች ከ3,200 በላይ ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከ1,000 ተማሪዎች በ19ኙ ያህል ላይ የሕመሙን ምልክት አግኝቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012፣ 3,343 ሕሙማንን የመዘገበው «ሬሜዲ» የተባለው ጥናት ደግሞ ከመቶው 66ቱ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር። ሴቶች የበዙበትን ምክንያት ለማስረዳት ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ ሕፃናትን ሲያስታምሙ ለባክቴሪያው ደጋግመው መጋለጣቸው ነው።

ለመሆኑ በልጅነት የተጎዳ ቫልቭ ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ በእርግዝና ጊዜ የሚገለጠው ስለምንድን ነው? መልሱ ያለው በፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ነው። ጤናማ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ወደ 1.5 ከወረደ ጥበቱ ከባድ ይባላል። ደም በዚህ በር የሚያልፈው ልብ በሚዝናናበት ጊዜ ብቻ ነው። ለስሌት እንዲመቸን እያንዳንዱ መኮማተር 0.3 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። በደቂቃ 80 ጊዜ የሚመታ ልብ ለአንድ ምት 0.75 ሴኮንድ ስላለው ለመሞላት 0.45 ሴኮንድ ይተርፈዋል፤ በደቂቃ ሲደመር 36 ሴኮንድ ይሆናል። በእርግዝና ምቱ ወደ 100 ከፍ ቢል የሚተርፈው በጠቅላላው 30 ሴኮንድ ነው። ጊዜው ሲያጥር ሥራው ግን ይበዛል፤ ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራልና። ከ5 ሊትር ወደ 7 ሊትር ቢያድግ፣ በጠባቡ በር የሚያልፈው ፍሰት በሴኮንድ ከ139 ወደ 233 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በ1.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በበርኑሊ ሕግ መሠረት የግፊት ልዩነት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በበሩ ላይ ያለው ግፊት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባን በውኃ ይሞላል።

የችግሩ ክፋት ምልክቶቹ ከተራ እርግዝና ጋር መመሳሰላቸው ነው። ድካም፣ የእግር ማበጥና ቀላል የትንፋሽ ማጠር በጤናማ ነፍሰ ጡር ላይም ይታያል፤ እናቶችም ጎረቤቶችም «እርግዝና ነው» ብለው ያልፉታል። ነገር ግን በጀርባ ለመተኛት መቸገር፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ መንቃት፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ የልብ ትርታ መዛባት በተራ እርግዝና ሊሳበብ አይገባም። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሰዓታትና ቀናትም አደገኛ ናቸው፤ ማሕፀን ሲኮማተር በውስጡ የነበረው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይመለሳልና። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ በማዳመጫ በቀላሉ ስለሚያመልጥ ቁርጡ የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ ነው።

ከታወቀ መፍትሔ አለው። የልብን ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ከላይ ያሰላነውን የመሞያ ጊዜ ይመልሳሉ። ለአንዳንዶች በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ቫልቩን ማስፋት ይቻላል። የብረት ቫልቭ የተተከለላት ሴት ግን ሌላ ፈተና ይገጥማታል፦ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኳን የምትወስደው ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ያለ ሐኪም ምክር ብታቆመው ደግሞ ቫልቩ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት መመካከር ይኖርባታል። ሆኖም በሬሜዲ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት 3.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ አኃዞች ሁሉ እጅግ የሚያሳስበው ይህ ይመስለኛል።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የልብ ማዕከል የብዙ ልጆችን ሕይወት ታድጓል። ግን ቢላዋ ሳያስፈልግ መቅደም ይቻላል። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሕመሙ እንዳይደጋገም ይከላከላል። በኡጋንዳ ሕመሙ ገና ምልክት ባላሳየባቸው 818 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ በ2 ዓመት ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8.2 በመቶው እንደባሰባቸው አሳይቷል። መርፌው ያማል፤ ለዓመታት ሳያቋርጡ መመላለስም ይሰለቻል። የካቲት 2007 ዓ.ም. ከሳር ቤት ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ባወጡት የአዲስ አበባ መግለጫ ውስጥ፣ የዚህ መድኃኒት በቂ አቅርቦት እንዲኖርና ሕመሙ ያለባቸው ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እንዲያገኙ የሚጠይቁ ነጥቦች ይገኛሉ።