የሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊሰጥ ይገባልን?



በዚህ ዓመት በክፍል ውስጥም በቤትም ደጋግሞ ሲነሣ የሰማሁት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የሃይማኖት ትምህርት እንደ ሒሳብና እንደ ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊሰጥ ይገባልን የሚለው ነው። በእብናት ከማውቃቸው ወላጆች ብዙዎቹ «አዎን፥ ይገባል» ይላሉ፤ ከነዚህም አንዱ አባቴ ናቸው። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ልጆች ለታላቅ መነሣትን ትተዋል፤ በፈተና መኮረጅ እንደ ብልኅነት ተቆጥሯል፤ ትምህርት ዕውቀትን ይሰጣል እንጂ ጠባይን የሚሰጥ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ይላሉ። እኔ በበኩሌ «አይገባም» ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህንንም የምለው ሃይማኖትን አቃልዬ ሳይሆን፥ የሃይማኖት ትምህርት በ40 ደቂቃ ውስጥ የማይገባ ትልቅ ነገር መሆኑን በማየትና ከዚያ ክፍል በር ውጭ ቆሞ የሚቀረውን ልጅ በማሰብ ነው። ሐሳቤን አንባብያን መዝነው ይፍረዱኝ።

በመጀመሪያ ያለንበትን አገር እንመልከት። ደቡብ ጎንደር የሃይማኖት ትምህርት የጠፋበት አገር አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ይህም ማለት ድጓን የተማረ ሰው በመምህርነት ይታወቅ ዘንድ ወደዚያ ሄዶ ዕውቀቱን ያስመሰክራል። ዙር አምባም እንደዚሁ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቦ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ወደነዚህ ቦታዎች የሚጓዘው ማንም አስገድዶት አይደለም። እኔም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፥ አቡጊዳውን አልፌ፥ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አንብቤ እስከ ዳዊት ደርሻለሁ። ከዳዊት በኋላ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ መጽሐፍ ቤት አለ፤ እያንዳንዱ ዓመታትን የሚበላ ነው። የእስልምናም ትምህርት ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቁርኣን በማንበብ ይጀምርና ወደ ሕጉ፥ ወደ ዐረብኛው ሰዋስውና ወደ ትርጓሜው ይዘልቃል፤ በወሎ ዳናን የመሰሉ ቦታዎች ደረሳ ከሩቅ አገር የሚመጣባቸው የታወቁ የትምህርት ማዕከሎች ናቸው።

እንግዲህ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የሃይማኖት ትምህርት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው፥ ክፍለ ጊዜውን 40 ደቂቃ፥ የትምህርቱን ዓመት 36 ሳምንት ብንለው፥ ጠቅላላው 1,440 ደቂቃ ወይም 24 ሰዓት ይሆናል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማለት ነው። የኔታ ይህን ቢሰሙ የሚስቁ ይመስለኛል። በዚያች ቀንና ሌሊት የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ፈተና ይኖረዋል፤ ፈተናም ካለ ውጤት አለ። አንዱ ልጅ በእምነቱ ከመቶ 92፥ ሌላው ከመቶ 47 ተብሎ በካርዱ ላይ ይጻፍለት ይሆን? 47 ያገኘውስ ልጅ በክረምት ይድገም? ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከትምህርት ቤት መርሐ ግብር ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ በዚህ ሚዛን መመዘኑ አይቀርም። በውጤት የሚመዘን ነገርም ምን እንደሚሆን ተማሪዎች ሁላችን እናውቃለን፤ ለፈተናው ይጠናል፥ ከፈተናው ማግስት ይረሳል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከታሪክ የተገኘ ነው። በአገራችን ዘመናዊ ትምህርትና የሃይማኖት ጥያቄ አብረው የተወለዱ መንትያ ናቸው። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፥ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፥ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው እንደ ነበር ሁላችን ተምረናል። እነዚያ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የፈለጉት የእጃቸውን ጥበብ ነውና የኢትዮጵያን ክርስቲያኖች ወደ ራሳቸው እምነት እንዳይስቡ ከልክለው መንገድና መድፍ አሠሯቸው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውና እስከ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው። ብረት ማቅለጥን ለመማር ሃይማኖትን መለወጥ እንዳላስፈለገ ልብ በሉልኝ። አፄ ምኒልክም በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ሲከፍቱ፥ ከካህናቱ ወገን የውጭ አገር መምህር የልጆችን ሃይማኖት ያጠፋል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ መምህራኑ የእስክንድርያን እምነት የሚከተሉ ግብጻውያን ቅብጦች እንዲሆኑ ተደረገ።

ከዚያም በኋላ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ደነገገ። በዚያን ዘመን የነበረው እስላም ወይም ቤተ እስራኤል ተማሪ በገዛ አገሩ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ሆኖ ሳይሰማው አልቀረም እላለሁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳና ወጥቶ የእስልምና ተከታዮች በእኩልነት እንዲታዩና ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ የጠየቀው ያለ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዘውዱ ወደቀ። ታዲያ ደርግ ምን አደረገ? ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን የፖለቲካ ትምህርት ብሎ በክፍል ውስጥ አስገባ። ይህን ነገር ባሰብሁት ቁጥር ይገርመኛል። ወንበሩ ያው ነው፤ የሚቀመጥበት ብቻ ተለወጠ። መንግሥት አንድን እምነት በክፍል ውስጥ የማስተማር ሥልጣን አለው ካልን፥ የሚቀጥለው መንግሥት ሌላውን ሲያስተምር በምን አፋችን እንከለክለዋለን? ዛሬ «የእኛ ይሰጥ» የሚሉ አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፥ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። ብዙ ሰው የማያነበው ግን አንቀጽ 27 ነው። እርሱ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ለማቋቋም እንደሚችሉ፥ ወላጆችም ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ ሕጉ የሃይማኖትን ትምህርት አልከለከለም፤ ባለቤቱን ለየ እንጂ። ባለቤቱ ወላጅና የእምነቱ ጉባኤ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በታችኛው ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ሁላችንንም አስነሥቶ አጭር ጸሎት ያደርስ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ደግ ሰው ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ግን እስላም ነው። እኛ ስናማትብ እርሱ እጁን የት እንደሚያኖር ይጨንቀው ነበር፤ አንዳንድ ቀን በኪሱ ይከታል፥ አንዳንድ ቀን የወደቀ እርሳስ እንደሚያነሣ ጎንበስ ይላል። ሒሳብ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ክፍሉ የእርሱ አልነበረም። ይህ የሆነው በአንድ ደቂቃ ጸሎት ነው፤ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሲሆንስ?

«ሌሎቹ ልጆች ውጭ ይጠብቁ» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። «ለእነርሱም የራሳቸው መምህር ይቀጠር» የሚልም አለ፤ ይህኛው የተሻለ ነው፤ ጀርመኖችም እንደዚህ ያደርጋሉ። በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ሕገ መንግሥታቸው የሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ልጆቹ በየእምነታቸው ተለይተው ይማራሉ፥ የማይፈልግ ይቀራል። ነገር ግን ለዚህ በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ የየእምነቱ መምህር ያስፈልጋል። የፊዚክስ መምህር በሚቸግርበት የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ለ3 ወይም ለ4 ልጆች ብሎ የእስልምና ወይም የወንጌላውያን እምነት መምህር የሚቀጠር የሚመስለው ሰው ካለ እጁን ያንሣ። መጨረሻው ያው በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ከመቶው 82.5 ኦርቶዶክስ፥ 17.2 እስላም ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ነገሩን ስናስብ ራሳችንን በክፍሉ ውስጥ እናስቀምጣለን እንጂ በበሩ ላይ አናስቀምጥም። በዚያው ቆጠራ ግን በሶማሌ ክልል እስላሙ ከመቶ 98 በላይ ነው። የእብናት ሰው በሥራ ተዛውሮ ጅግጅጋ ቢገባና ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያስገባ፥ «ብዙኃኑ ይወስን» የሚለውን ደንብ ያን ጊዜ ይወደዋልን? ይህን ለአባቴ ባቀረብሁላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው «ይህስ እውነት ነው» አሉ፤ ቀጥለው ግን ወደ ኩረጃው ተመለሱ። በሌላውም በኩል፥ «ከሃይማኖት ነጻ» ማለት የልጁን እምነት ከበር ላይ ማስወለቅ ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ልጃገረዶች ከትምህርት ተከልክለው ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። መምህሩ ስለ እምነት አያስተምር ማለት ሌላ፥ ተማሪዋ አማኝ ሆና አትምጣ ማለት ሌላ ነው።

ወደ አባቴ ኩረጃ ልመለስ፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋልና። ኩረጃ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡትም 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ የሚያሳፍር ነው። ግን እነዚያ ተማሪዎች ሃይማኖት ያልተማሩ ነበሩን? አብዛኛው ይጾማል፤ ፈተና ሲደርስማ ስለት የማይሳል የለም። አትስረቅ የሚለውን ትእዛዝ ያላወቀ አንድም አልነበረም። የጎደለው ትእዛዙን የሚኖርበት ሰው ማየት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለታናናሾቻችን ተመልሷል፤ ደግ ነው። ነገር ግን መልስ የሚያቀብል ፈታኝ ባለበት ግብረ ገብም ሃይማኖትም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ኖራ ብቻ ነው።

ታዲያ ትምህርት ቤታችን ስለ ሃይማኖት አፉን ይዝጋ ማለቴ ነውን? አይደለም። ሃይማኖትን ማስተማርና ስለ ሃይማኖት ማስተማር ሁለት ነገሮች ናቸው። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1962 እና በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚደረገውን ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሥርዓት ሲያስቀር፥ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ሥነ ጽሑፍና እንደ ታሪክ ማጥናት አልተከለከለም ብሏል። ለእኛ ይህ በጣም ያስፈልገናል። ስለ ዒዛና ክርስትና መቀበል፥ በ615 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አክሱም ስለ መጡት የነቢዩ ተከታዮች፥ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ስለ ተደረገው ጉባኤና ከዚያ በኋላ በወሎ እስላሞች ላይ ስለ ደረሰው የጥምቀት ግዳጅ ሳያውቅ የሚያልፍ ተማሪ የጎረቤቱን ቁስል አያውቅም። እኔ ዳዊት ስደግም ያደግሁ ልጅ፥ የጓደኛዬ ሰሌዳ ላይ ምን እንደ ተጻፈ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ አልጠየቅሁትም ነበር፤ እርሱም ድጓ ምን እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። ሁለታችንም ስለ ፈረንሳይ አብዮት ግን ብዙ እናውቅ ነበር።

ፈረንሳይ ካልሁ ዘንድ፥ ፈረንሳዮች በ1882 እንደ አቆጣጠራቸው ሃይማኖትን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስወጡ ያደረጉት አንድ ነገር ደስ ያሰኘኛል። ወላጆች ከፈለጉ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ ሕንጻ ውጭ ሃይማኖት ያስተምሩበት ዘንድ ከእሑድ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ክፍት ተዉላቸው። ክፍሉን ከለከሉ፥ ጊዜውን ሰጡ። ለእኛም የሚያሻን ይኸው ጊዜ ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀን አለው፤ የቤት ሥራውና ማካካሻው ያን ግማሽ ቀን ካልበላው ከየኔታም ሆነ ከሼኹ ዘንድ ሊውልበት ይችላል።

ስለዚህ ለርእሰ መምህራችንና ለክፍል ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። አንደኛው፥ በሚመጣው ዓመት የታሪክ ክበባችን አንድ የድጓ መምህርና አንድ ሼኽ ጋብዞ፥ ለመስበክ ሳይሆን ትምህርት ቤቶቻቸው እንዴት እንደሚሠሩ፥ ልጁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እንዲያስረዱን ያድርግ። ሁለተኛው፥ ዓርብ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ፈተና ባይሰጥ እላለሁ። ጓደኛዬ ባለፈው ሴሚስተር በዚያ ሰዓት የኬሚስትሪ ፈተና ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወረቀቱንም ከሁላችን ቀድሞ ሰጥቶ ሲሮጥ አየሁት።