በፕላስቲክ ካያክ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መያዣ አገጣጠም

አብዛኞቹ የፕላስቲክ ካያኮች የሚሠሩት ከፖሊኢትሊን ነው። ይህ ፕላስቲክ ግጭት ይችላል፤ ማጣበቂያ ግን እምብዛም አይቀበልም። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ መያዣ ትልቅ ዓሣ ሲስበው ይነቀላል። ስለዚህ አስተማማኙ ማሰሪያ ቡሎን ወይም ሪቬት ነው።

ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው፣ ሊወስድም የሚገባው፣ የቦታ መረጣው ነው። መያዣው በስኮች ለጊዜው ይያዝና ባለቤቱ ካያኩ መሬት ላይ እንዳለ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ በግራም በቀኝም ይቀዝፋል። መቅዘፊያው ወይም ክርኑ መያዣውን ከነካ ቦታው ይቀየራል። ቀጥሎ ከሥሩ ያለው ይታያል፦ እጅ በመክደኛው በኩል ገብቶ ከደረሰ ቡሎን፣ ካልደረሰ ሪቬት ይመረጣል። ከውኃው መስመር በታች ያለው ገላ አይበሳም።

ቀዳዳዎቹ ፕላስቲኩ ላይ በተለጠፈ ስኮች ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ፑንታው እንዳይንሸራተት ይረዳል። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ ከዚያ በልኩ ይበሳል። ትራፓኖው በዝግታ መዞር አለበት፤ ከፈጠነ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የታችኛው ግድግዳ ቅርብ ከሆነ ፑንታው ላይ ስኮች ጠምጥሞ ጥልቀቱን መወሰን ያስፈልጋል። ላይኛውን አልፎ ታችኛውንም የበሳ ፑንታ የግማሽ ሰዓቱን ሥራ ወደ ፕላስቲክ ብየዳ ይለውጠዋል። የቀዳዳው ጠርዝ በቢላ ይጸዳል።

ቡሎኑ ከማይዝግ ብረት ይሁን፤ ለጨው ውኃ 316 የተባለው ደረጃ ይመረጣል። ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይገባል። ከመጥበቁ በፊት በቀዳዳው ዙሪያ የጀልባ ማሸጊያ ይቀባል። ሲሊኮንም ቢሆን ፖሊኢትሊን ላይ አጥብቆ ባይይዝም በመሃል ሲጨፈለቅ ውኃ ይከለክላል። ማሸጊያው በጠርዙ ብቅ ሲል ማጥበቁ ይበቃል፤ ፕላስቲኩ መሰርጎድ ከጀመረ ግን ልኩ አልፏል።

ለሪቬት፣ ጀርባው በሦስት እግር የሚከፈተው ዓይነት ይሻላል። ተራው ለቆርቆሮ የሚሆን ነው፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ጭንቅላቱ ቀዳዳውን አስፍቶ ሊወጣ ይችላል። ለ4.8 ሚሊሜትር ሪቬት 5 ሚሊሜትር ፑንታ ይሆናል። ርዝመቱ የመያዣውንና የፕላስቲኩን ውፍረት አልፎ እግሮቹ የሚከፈቱበት ትርፍ ሊኖረው ይገባል።

ማሸጊያው በራሱ ማሸጊያ ቱቦ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ እስኪደርቅ ይተዋል። ከዚያ ዘንግ መያዣው በእጅ በየአቅጣጫው ይሳባል፤ ካያኩም ዳርቻ ላይ ተንሳፍፎ በቀዳዳዎቹ ላይ ውኃ ይፈስበታል። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ቡሎኑ ወጥቶ፣ አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ፣ እንደገና ይታሸጋል።